ከበርሜል የሚቀዳ የቤት ቢራ አረፋ ብቻ ሲሆን፦ ከጥር እስከ ፋሲካ የተማርሁት

ባለፈው ዓመት ጥር ወር፣ ታናሽ እኅቴ በተዳረች በሳምንቱ፣ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ግቢያችን የቅልቅሉ ዳስ ተጥሎ እንግዳው ሁሉ ገብቶ ሳለ፣ እኔ ከዳሱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ እጄን በቢራ መቅጃው ቧንቧ፣ ሌላውን በብርጭቆ ላይ አድርጌ እንባዬ ሊመጣ ደርሶ ቆሜ ነበር። ለሁለት ወር የደከምሁበት የገብስ ቢራ ሁለት ባለ 19 ሊትር በርሜል ሞልቶ፣ ጋዙን ጠጥቶና ቀዝቅዞ ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ቧንቧውን በከፈትሁ ቁጥር የሚወርደው ነጭ አረፋ ብቻ ሆነ። ብርጭቆው እስከ አፉ በአረፋ ይሞላል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አረፋው ሲከስም ከሥሩ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ጋዙ የወጣለት ቢራ ይቀራል።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው አረፋው እስኪወርድ በትዕግሥት ሲጠብቁ በዳሱ ክፍተት አየኋቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ጣዕሙስ ደግ ነው፤ ይኼ እስኪረጋ የእናትሽን ጠላ አቅርቢልን» አሉኝ። የእናቴ ጠላ በጋን ተቀምጦ ባይገኝ ኖሮ ያን ቀን እንግዶቻችን በጥም በተመለሱ ነበር። በማግሥቱ አረፋውን ስደፋባቸው የዋልሁትን ባልዲዎች ሰፈርሁ፤ ከመጀመሪያው በርሜል 19 ሊትር ውስጥ 11 ሊትር ያህሉ ለሰው ሳይደርስ ቀርቷል።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ፋሲካ በነበሩት ሳምንታት ምን እንደ ተሳሳትሁና ምን እንዳስተካከልሁ ለማካፈል ነው። በቤቱ ቢራ እየጠመቀ በበርሜል የሚያስቀምጥ ሰው በአካባቢያችን ገና ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ሰው ደግሞ ሲቸግረው የሚጠይቀው በቀላሉ አያገኝም። እኔም ብዙ ቢራ ካፈሰስሁ በኋላ ነው ያገኘሁት።

እኔ ጠላ ሲጠመቅ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችን፤ ብቅል ማብቀል፣ ጌሾ መውቀጥ፣ እንኩሮ ማንኮር፣ ጥንስሱ ለድፍድፍ መድረሱን በጠረኑ መለየት የልጅነት ሥራዬ ነበር። ስለዚህ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ቀድሞ የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ይያዝባቸው የነበሩትን ዓይነት ሁለት የብረት በርሜሎች፣ ከነሬጉሌተራቸው (የጋዙ ግፊት መቆጣጠሪያ)፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ቱቦና ከትንሽ መቅጃ ቧንቧ ጋር ይዞልኝ ሲመጣ፣ ችግር ቢመጣ ከጠመቃው እንጂ ከመቅዳቱ ይመጣል ብዬ ፈጽሞ አላሰብሁም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዙን ሲሊንደር አዲስ አበባ አስሞልቼ በጭነት መኪና አስመጣሁት። ጠመቃው በእርግጥም ተሳካ፤ ስለ እርሱ እዚህ አላነሣም።

ጠላና በበርሜል ያለ ቢራ የሚለያዩበትን አንድ ነገር ግን ልብ አላልሁትም ነበር። ጠላ ሲፈላ የሚፈጥረውን ጋዝ አብዛኛውን በጋኑ አፍ ይለቅቀዋል፤ ለጠጪው የምትደርሰው ምላስ ላይ የምትሰማው ጥቂቷ ናት። በበርሜል ያለው ቢራ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በግፊትና በቅዝቃዜ ታስሮ እንደ ያዘው ይቆያል። ግፊቱ ወይም ቅዝቃዜው ድንገት ሲላላ የታሰረው ጋዝ ያመልጣል፤ አረፋ የምንለውም ይኸው ያመለጠ ጋዝ ነው። እንግዲህ ማወቅ የሚያስፈልገው፣ ጋዙ ከበርሜሉ እስከ ብርጭቆው ባለው መንገድ ላይ የሚያመልጠው የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ነው።

በቅልቅሉ ቀን የሠራሁት የመጀመሪያው ስሕተት ብዙ ሰው የሚሠራው ይመስለኛል። አረፋው ሲበዛብኝ ግፊቱ በዝቷል ብዬ ሬጉሌተሩን ከ12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 8፣ ከ8 ወደ 5 አወረድሁት። ቢራው ቀስ ብሎ መውረድ ስለ ጀመረ ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ግን አረፋው ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ቱቦውን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ሳየው ቢራው አንድ ወጥ ሆኖ አይሄድም፤ ቢራ፣ ከዚያ የጣት ርዝመት ያለው ባዶ ክፍተት፣ ከዚያ እንደገና ቢራ እየሆነ ይጓዛል፤ ቧንቧውን ዘግቼ ስጠብቅም ክፍተቶቹ ዓይኔ እያየ ወደ ላይ እየተሰበሰቡ ያድጋሉ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ቢራው በ12 ፒኤስአይ የጠጣውን ጋዝ 5 ፒኤስአይ ይዞ ሊያቆየው አይችልም፤ ስለዚህ ጋዙ ገና ቱቦው ውስጥ ሳለ ከቢራው መለየት ይጀምራል። እናንተም ግልጽ ቱቦ ካላችሁ ሬጉሌተሩን ከመንካታችሁ በፊት ቱቦውን ተመልከቱ። ክፍተት የሚታይበት ከሆነ ግፊት መቀነስ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም።

ሁለተኛው ስሕተት ከቅልቅሉ ሦስት ቀን አስቀድሞ የተሠራ ነበር። የሁለተኛው በርሜል ቢራ ዘግይቶ ስለ ደረሰ ጋዙን በዝግታ እንዲጠጣ የምተውበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ሬጉሌተሩን 30 ፒኤስአይ ላይ አድርጌ በርሜሉን ጭኔ ላይ አጋድሜ ለሩብ ሰዓት ያህል ናጥሁት። እናቴ ቅቤ እንደሚናጥ ስንጠው አይታ፣ «ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኼ ነገር እንዲህ ነው የሚደረገው?» ብላኝ ነበር። መናጥ ጋዝን ፈጥኖ ያስገባል፤ ምን ያህል እንደ ገባ ግን የሚለካላችሁ ነገር የለም። ያ ቢራ ከሚገባው በላይ ጠጥቶ ስለ ነበር ምላስን እንደ መርፌ ይወጋ ነበር፤ ከቅልቅሉ በኋላ ቅዝቃዜውን አስተካክዬ ስቀዳው እንኳ አረፋ ከመሆን አልዳነም።

እንዲህ ያለ በርሜል ቢገጥማችሁ የጋዙን መስመር ነቅላችሁ፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ቀለበት እየጎተታችሁ ግፊቱን አስወጡ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ይህንኑ እየደጋገማችሁ አንድ ሁለት ቀን ከቆያችሁ በኋላ ጋዙን በምትቀዱበት ግፊት ላይ መልሳችሁ አገናኙት። ስታስተነፍሱ ፊታችሁን ከክዳኑ አርቁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር የሚከብድና በዝግ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጣ ስለሆነ በር ወይም መስኮት ሳትከፍቱ አትሥሩ። እኔ ከዚያ ወዲህ በርሜል ንጬ አላውቅም። ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ በሚቀዳበት ግፊት ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል እተወዋለሁ፤ ልኩን በራሱ ጊዜ ይጠጣል፤ ከልኩም አያልፍም።

ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ድግስ ስለሌለ ረጋ ብዬ ለመሞከር ጊዜ አገኘሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ እየለወጥሁ ውጤቱን መጻፍ ጀመርሁ። በቅልቅሉ ቀን ግፊቱንም፣ የፍሪጁን ማስተካከያም፣ የብርጭቆውን አያያዝም በአንድ ጊዜ እየነካካሁ ስለ ነበር የትኛው እንደ ጠቀመ፣ የትኛው እንደ ጎዳ ልለይ አልቻልሁም ነበር። ከሁሉም በላይ የረዳኝ ያ ደብተር ነው፤ እናንተም ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ደብተር ያዙ።

መጀመሪያ የለካሁት ሙቀቱን ነው። ደብረ ማርቆስ ብርዳማ ከተማ ናት፤ የፍሪጁም ማስተካከያ እስከ ጥጉ ተዙሯል፤ ስለዚህ የቢራውን መቀዝቀዝ ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረኝም። ነገር ግን ውሃ በሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ቴርሞሜትር ነክሬ አንዱን ከፍሪጁ ወለል ላይ፣ ሌላውን ከበርሜሉ ራስ አጠገብ አሳድሬ ጠዋት ሳነበው ከታች 3፣ ከላይ 9 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ቱቦውና ቧንቧው ያሉት ደግሞ ከላይ ነው። ቢራው ከ3 ዲግሪ ተነሥቶ 9 ዲግሪ ወዳለው ቱቦ ሲገባ ይዞት የነበረውን ጋዝ ሁሉ ተሸክሞ መቀጠል ስለማይችል እዚያው ይለቅቀዋል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ማራገቢያ ፍሪጁ ውስጥ አስገብቼ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ላይ እንድትነፋ ሳደርግ ልዩነቱ ወደ አንድ ዲግሪ ወረደ፤ ከላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ቱቦም ጠቅልዬ ከበርሜሉ ጎን ጋር አሰርሁት።

እዚህ ላይ፣ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ድካም የሚያስቀርልኝ የነበረ አንድ መለያ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚስተካከል ከሆነ ጥፋቱ የሞቀ ቱቦ ወይም የሞቀ ቧንቧ ነው። ሁሉም ብርጭቆ እኩል አረፋ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በራሱ በቢራው ሙቀት፣ በጠጣው ጋዝ ብዛት ወይም በቱቦው ርዝመት ላይ ነው። ቧንቧው አንዴ ቢራ አንዴ ጋዝ እያለ የሚተፋ ከሆነ ግን ወይ በርሜሉ ሊያልቅ ደርሷል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ጋዝ እየሾለከ ወደ ቢራው መስመር ይገባል። ይህን ሳትለዩ ዕቃ ለመግዛት አትነሡ።

የመብራት መጥፋትም አለ። 19 ሊትር ቢራ ቀስ ብሎ እንደሚሞቅ ሁሉ የሚቀዘቅዘውም ቀስ ብሎ ነው። መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ ሲመጣ የፍሪጁ አየር ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቢራውም የቀዘቀዘ ይመስላል፤ በርሜሉ መሐል ያለው ግን ገና አልቀዘቀዘም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ ፍሪጁን አለመክፈት፣ ከመጣም በኋላ ቢራውን ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳያሳድሩ አለመቅዳት ይበጃል። በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ በርሜልም እንዲሁ አንድ ሌሊት ማረፍ አለበት።

ማራገቢያዋ ከገባች በኋላ ቢራው ተሻሻለ፤ ሆኖም የብርጭቆው ግማሽ አሁንም አረፋ ነበር። መንገዱን ያሳየኝ ባሕር ዳር የሚኖር አንድ የቤተሰባችን ወዳጅ ነው፤ ለብዙ ዓመት የድራፍት ማሽን ሲገጥምና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስልክ ደውዬ ችግሬን ስዘረዝርለት ስለ ግፊቱም ስለ ሙቀቱም አልጠየቀኝም። «እኅቴ፣ ቱቦሽ ስንት ሜትር ነው?» ነበር ያለኝ። «አንድ ሜትር ተኩል» ስለው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንግዲያማ ቢራውን እየቀዳሽው አይደለም፤ ከበርሜሉ አንሥተሽ ብርጭቆው ላይ እየወረወርሽው ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ ቢራውን በ12 ፒኤስአይ ይገፋዋል፤ ቢራው ቧንቧው አፍ ላይ ሲደርስ ግን ያ ግፊት አልቆ መገኘት አለበት። የሚያልቀውም ቢራው ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ በሚጓዝበት ርቀት ነው። ቱቦው አጭር ወይም ሰፊ ከሆነ ግፊቱ ሳያልቅ ቧንቧው ላይ ይደርስና ቢራው በኃይል ይወጣል፤ ያን ጊዜ የያዘው ጋዝ በአንድ ጊዜ ያመልጣል። ቱቦው ረጅምና ጠባብ ከሆነ ግን ግፊቱ በመንገድ ላይ እየደከመ መጥቶ ቢራው ረግቶ ይወርዳል። የውስጥ ስፋቱ 4.8 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ ወዳጃችን የሰጠኝ ግምት ለእያንዳንዱ ፒኤስአይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ12 ፒኤስአይ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። መቅጃው ከበርሜሉ በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ አንድ ሜትር ከፍታ 1.4 ፒኤስአይ ያህል ስለሚበላ ቱቦው በዚያው ልክ ሊያጥር ይችላል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት አደራ እላለሁ። ወዳጃችን ትክክለኛውን ቱቦ እስኪልክልኝ መታገሥ አቅቶኝ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበትን ግልጽ ቱቦ ከገበያ 4 ሜትር ገዝቼ ገጠምሁ። የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ነበር። ርዝመቱ ከእጥፍ በላይ ቢጨምርም ስፋቱ ያን ሁሉ ከንቱ አደረገው፤ ቢራው ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ወጣ፤ ቱቦው ውስጥ ያደረውም በማግሥቱ የፕላስቲክ ጣዕም ይዞ ተገኘ። ያ ቱቦ ለሚጠጣ ነገር የተሠራ አይደለም፤ ለምግብና ለመጠጥ የተሠራ መሆኑ ያልተረጋገጠ ቱቦ ውስጥ ቢራ ማሳለፍ ለጤናም አይበጅም። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ቢራው ላይ ግን ከሜትሮች ርዝመት ይበልጣል። ስለዚህ ቱቦ ስትገዙ የውጩን ሳይሆን የውስጡን ስፋት ለኩ።

በኋላ ወዳጃችን ትክክለኛውን ቱቦ 6 ሜትር ላከልኝ፤ ረጅም አድርጌ እንድጀምርና ጥቂት በጥቂት እየቆረጥሁ እንድፈትነው አጥብቆ መከረኝ። ቢራ እንዳላባክን ባዶውን በርሜል በንጹሕ ውሃ ሞልቼ፣ በጋዙ እየገፋሁ፣ ግማሽ ሊትር ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ በስልኬ ለካሁ። በአሮጌው አጭር ቱቦ 7 ሰከንድ፣ በአዲሱ 6 ሜትር ቱቦ 14 ሰከንድ ፈጀ። የውሃ ሙከራ ስለ አረፋው አይነግራችሁም፤ ፍጥነቱን ግን በትክክል ያሳያችኋል። ለቤት መቅጃ ግማሽ ሊትር ከ10 እስከ 12 ሰከንድ ቢፈጅ መልካም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ያም ሆኖ ደብተሬ ውስጥ አንድ የማይገጥም ነገር ቀረ። ከሬጉሌተሩ ጋር የመጣው የጋዝ ሰንጠረዥ ቢራ በ4 ዲግሪ ሙቀትና በ12 ፒኤስአይ በቂ ጋዝ ይጠጣል ይላል፤ እኔ በዚያው ልክ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቆየሁት አዲስ ቢራ ግን ጋዙ ያነሰና የላላ ሆነ። ወዳጃችንን ደግሜ ስጠይቀው፣ «አንቺ ያለሽው ደጋ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡ የተሠራው ግን በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው» አለኝ።

ይህን በደብረ ማርቆስ ወጥ የምትሠራ ሴት ሁሉ በእጇ ታውቀዋለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ በእኛ ድስት የሚዘገየው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ከላያችን ያለው የአየር ግፊት ማነሱ ነው። የሬጉሌተሩ ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ 12 የሚያነብ ጌጅና በደብረ ማርቆስ 12 የሚያነብ ጌጅ ለቢራው አንድ አይደሉም። በየ600 ሜትሩ ከፍታ አንድ ፒኤስአይ ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ ለደብረ ማርቆስ 4፣ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ላለችው ለባሕር ዳር 3 ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ ትክክለኛ ቁጥር 12 ሳይሆን 16 ሆነ። ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ቱቦውም አብሮ መርዘም አለበት፤ ለእያንዳንዱ ፒኤስአይ 30 ሳንቲ ሜትር ብለን ስናሰላው ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። በቅልቅሉ ቀን ግፊቱን ወደ 5 ሳወርድ መሄድ ከነበረብኝ በተቃራኒው አቅጣጫ እየሄድሁ እንደ ነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከ6 ሜትሩ ቱቦ 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥሁ፣ በየቁራጩ አንድ ብርጭቆ እየቀዳሁ፣ 5 ሜትር ላይ ስደርስ ቆምሁ። ቢራው ጠርቶ ወረደ፤ አረፋውም ሁለት ጣት ሆኖ ከላይ ተቀመጠ።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ በመልካም ሁኔታ ተቀዳ፤ ከዚያ ቧንቧው መትፋት ጀመረ። የሠራሁት ሁሉ የፈረሰ መስሎኝ ተስፋ ልቆርጥ ስል እናቴ መጥታ ቱቦውን በጣቶቿ ይዛ አገላብጣ አየችውና፣ «ይህን ጎማ መቼ ነው ያጠብሽው?» አለችኝ። ከተገጠመ ጀምሮ ውሃ ብቻ እንዳሳለፍሁበት ነገርኋት። «እኔ እንስራዬን በግራዋ ሳልፈትግ፣ በወይራ ሳላጥን ጠንስሼ አውቃለሁ?» አለች። ሌላም አልጨመረች። ቧንቧውን ፈትቼ ውስጡን በጣቴ ስዳስሰው የሚያዳልጥ ቡናማ ልጋግ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሻካራ ገጽ ስላለው ጋዙ በላዩ እየተንጠለጠለ አረፋ ይፈጥርበታል፤ ጣዕምንም ያበላሻል። አሁን በየሁለት ሳምንቱና በርሜል በተለወጠ ቁጥር ለቢራ መስመር የሚሆን ማጠቢያ አሳልፋለሁ፤ ከዚያ ማጠቢያው ጨርሶ እስኪለቅቅ በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ ቧንቧውንም ፈታትቼ በብሩሽ እፈትገዋለሁ።

መትፋቱ ግን በማጠብ ብቻ አልቆመም። ከበርሜሉ ሥር ቢራውን የሚያወጣው ረጅም ቀጭን ብረት ራሱ ላይ አንዲት ትንሽ ጎሚኒ አለችው። እርሷ ተሰንጥቃ ኖሮ ከቢራው በላይ ያለው ጋዝ በስንጥቋ እየሾለከ ከሚወጣው ቢራ ጋር ይቀላቀል ነበር። ይህንንም የነገረኝ ቱቦው ነው፤ ቀድሞ ክፍተቶቹ የሚታዩት ከመሐል ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ አሁን ግን ልክ ከበርሜሉ መገናኛ ጀምሮ ቀጫጭን አረፋዎች ተሰልፈው ይወጣሉ። ክፍተቱ ከመገናኛው የሚጀምር ከሆነ ሙቀትንና ግፊትን ተዉትና ጎሚኒዋን ለውጡ። ሌሎቹንም መገናኛዎች በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ እኔ ሳላውቀው በሬጉሌተሩ መጋጠሚያ ጋዝ እየሾለከ አንድ ሙሉ ሲሊንደር በአሥር ቀን ባዶ ሆኖብኛል፤ አዲስ አበባ ድረስ እየተላከ ለሚሞላ ሲሊንደር ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ከዚያ በኋላ ጋዝ ልቆጥብ ብዬ ሲሊንደሩን ዘግቼ መቅዳት ብጀምርም ያ ደግሞ ሌላ አረፋ አመጣብኝ፤ ቢራው በተቀዳ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወርድ ጋዙ ከቢራው መለየት ይጀምራልና። ቁጠባው ያለው መሾለኪያውን በመድፈን እንጂ ጋዙን በመዝጋት አይደለም።

ስለ አቀዳዱ የምለው ጥቂት ነው። ቧንቧውን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ አረፋን ፈርቶ በከፊል መክፈት ቢራውን በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያስጨንቀው አረፋውን ያበዛዋል። ብርጭቆውን አጋድላችሁ ቢራው በጎኑ እንዲንሸራተት አድርጉ፤ ሊሞላ ሲል ቀና አድርጉት። ብርጭቆዎቹን ወጥና ቅቤ ከነካ ዕቃ ጋር አብራችሁ አትጠቡ፤ ከመቅዳታችሁም በፊት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቋቸው፤ ደረቅና ሞቅ ያለ ብርጭቆ በራሱ አረፋ ያስነሣል።

በፋሲካ ዕለት፣ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ ጋሼ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ቤታችን መጡ። በርሜሉ ከሁለት ሳምንት በላይ በ16 ፒኤስአይ ቆይቷል፤ ቴርሞሜትሩ ከላይም ከታችም 4 ያነባል። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ስቀዳላቸው ሩቅ ሳይሄዱ አጠገቤ ቆመው አዩኝ። ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት፤ አረፋው ሁለት ጣት ነበር፤ ከሥሩ ያለው እንደ ማር የጠራ ነው። ጠጥተው ሲጨርሱ ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉልኝና፣ «ጠላውን ለነገ አቆዩት» አሉኝ።

ሁለተኛው በርሜል በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ወዳጃችን ቤት ሄደ። እጀታው ላይ ያሰርሁለት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ፤ 15 ፒኤስአይ፤ ቱቦው አራት ሜትር ተኩል፤ ጎሚኒው አዲስ ነው።»